በመድረክ ላይ ያረዳሁት መርዶ

ባለፈው ጥቅምት ፊልም የሚሠሩ የወልድያ ልጆች መርሳ ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። እኔን ለማግኘት አልደከሙም። ከውርጌሳ እስከ ሐራ ባለው መንገድ ላይ «ድራማ የሚሠራው የካሳው ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ሳያስፈልገው ደጄ ይደርሳል። የሰጡኝ ቦታ ትንሽ ናት። ከተማ ያለው ልጁ ለበዓል እንደማይመጣ በስልክ የሚሰማ አባት ነኝ። ስልኩን ዘግቼ ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ተቀመጥሁ፤ አዘንሁ። ከካሜራው ኋላ የነበሩት ሁሉ አብረውኝ ሲያዝኑ አየሁ።

ዳይሬክተሩ ናትናኤል የሚባል፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ቀጭን ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ቀረበና፣ «አባባ፣ ግሩም ነው። ግን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ካሜራው ቅርብ ስለሆነ ዓይንዎ ብቻ ይበቃል» አለኝ።

ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው ስሠራ፤ ዝቅ አድርገው ያለኝ ሰው የለም። እኔ ያደግሁበት መድረክ ማይክራፎን አልነበረውም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ይንኳኳል። በመስኮት የተንጠለጠለው ሰው ካልሰማህና ካላየህ ምንም አልሠራህም። ትከሻህ መናገር አለበት፣ ጀርባህ መናገር አለበት። ካሜራ ግን እንደ ሐኪም ነው፤ ተጠግቶ ይመረምርሃል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ እዚያው ገባኝ። በሁለተኛው ቀረጻ ትከሻዬን ለቀቅሁ፣ ትንፋሼን አሳጠርሁ፣ ቀኝ መዳፌን ጭኔ ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጌ አቆምሁት።

«ይሄን የእጅ ነገር ከማን ተማሩት?» አለ ልጁ።

«ከማንም። እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ» አልሁት።

ብዙው እውነት ነው። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በራሴ ለቅሜዋለሁ። የእጁ ነገር ግን ውሸት ነበር። ያች እጅ ባለቤት ነበራት። ስለዚያች እጅ ስዋሽ ደግሞ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

መጀመሪያ ስዋሽ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ መርሳ አውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ የኛን ደግሞ መምህር ታደሰ የሚባሉ የትምህርት ቤት አስተማሪ ይመሩታል። እኔ ከሁሉም እበልጥ ነበር። ይህን የምለው ዛሬ ስላረጀሁ አይደለም፤ ያኔም እለው ነበር። ቃል የሚጠፋብኝ ሰው አልነበርሁም፤ ድምፄ ከአዳራሹ አልፎ ገበያ ይሰማል። አንድ ነውር ግን ነበረብኝ። መድረክ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ድምፄ እንደ ዓለት ቆሞ ጉልበቴ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ሱሪዬ ሲርገበገብ ከፊት የተቀመጡት እያዩ ይስቁ ነበር።

ያልሞከርሁት የለም። ሎሚ መጠጥሁ። በእግሬ ውጫዊ ጠርዝ መቆም ተለማመድሁ። አንድ ቀን ከጎሚስታ ቤቱ አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቀድጄ ሁለቱንም ጉልበቴን ከሱሪ ሥር ጠፍሬ አሰርሁና ወጣሁ። ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም፤ ግን ደሙ ቆሞ እግሬ ደነዘዘና ንግግሬ መሀል በአፍጢሜ ተደፋሁ።

«ካሳው፣ ጎማ ነው እንዴ ያስገጠምህ?» አሉኝ ልጆቹ። አንድ ወር ሙሉ «ጎማው» ተብዬ ተጠራሁ።

ዘዴውን ያገኘሁት በኅዳር ነው። የሀብሩ ማሽላ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ጥንቅሽ ይመጣል፣ መንገዱ በልጣጭ ይሞላል፣ ቀትር ላይ አስፋልቱ ይግላል። መምህር ታደሰ አዲስ ድራማ ጽፈው መጡ። ልጇ ጦር ሜዳ የሞተባት እናት መርዶ ስትሰማ የሚያሳይ ነው። ከወልድያ ዳኞች መጥተው ያዩታል፤ ከተመረጥን ወልድያ ሄደን ከአውራጃው ቡድኖች ጋር እንወዳደራለን። ችግሩ እናትየዋን የምትሠራ ሴት መታጣቷ ነው። የመርሳ ሰው ያኔ ሴት ልጁን መድረክ ላይ አያወጣም።

«እኔ እሠራታለሁ» አልሁ።

«ጎማው እናት ሊሆን ነው!» ብለው ሳቁ። መምህር ታደሰ አልሳቁም።

ከጎሚስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ በሚቆምበት፣ እትዬ ዘይነባ ብርቱካንና ፓፓያ ይሸጡ ነበር። ባላቸው ሞተዋል። ያላቸው ወንድ ልጅ ሰይድ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እትዬ ዘይነባ ከደሴ ለሚመጣ አውቶቡስ ሮጠው ብርቱካን ይሸጣሉ። ከወልድያ በኩል፣ ከሰሜን ለሚመጣው ግን አይሸጡም። በሩ ሲከፈት ይነሣሉ፤ ቀኝ መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፣ የሚጨብጡት ሰው እንዳለ ሁሉ። አገጫቸው ቀና ይላል። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ እጃቸው እዚያው አየር ላይ ትንሽ ትቆይና ትወርዳለች። ከዚያ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ጊዜ አይደለም፣ መጀመሪያ ግማሽ ድረስ፣ ቆም ብለው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ።

ጎማ እየነቀልሁ አጠናኋቸው። ትከሻቸው እንዴት እንደሚወርድ፣ ትንፋሻቸው የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ክብደታቸው በየትኛው እግራቸው ላይ እንደሚያርፍ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ልምምድ ላይ ሻሽ አስሬ እሳቸውን ሆኜ ስቆም ጉልበቴ ጸጥ አለ። የኔ ጉልበት አልነበረማ! የሚፈራው ካሳው ነው፤ ካሳው ደግሞ እዚያ የለም። ይህን ዘዴ የሚያስተምሩ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ በክሪክና በመዶሻ መሀል ነው ያገኘሁት።

መምህር ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይችን ሴትዮ የት ነው የማውቃት?» አሉ።

«የትም። ከራሴ ያወጣኋት ናት» አልሁ። ልጆቹ ሁሉ በአድናቆት አዩኝ፤ ያን ቀን ጎማው የሚለው ስም ቀረ።

ለትዕይንቱ እትዬ ዘይነባን የጠራኋቸው ራሴ ነኝ። ዛሬ ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ አያኮራኝም። እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር። የራሳቸውን ነገር በሌላ ሰው ላይ አይተው እንዲደነቁ።

«እኔ ደሞ ምን አውቄ ድራማ፣ ልጄ?» አሉ። «አውቶቡሱስ?»

«ሉባባ ትጠብቅልዎታለች።» ሉባባ ታናሿ ልጃቸው ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ቢሆን ነው። «ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። እርስዎ ከቀሩ ቅር ይለኛል።»

«ምነው እንዲህ ለመንኸኝ?»

ሳቅሁና መሬት መሬት አየሁ። አስተያየታቸው ተለወጠ፤ እኔ ግን ደስታ ነው ብዬ አለፍሁት።

መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛው በሰበብ ይጠራል፤ ዘመድ ታመመ ይባላል፣ ድግስ አለ ይባላል። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ለሐዘንተኛው እንግዳ በሆነ ትሕትና ይናገራል። ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ስትወድቅ እንዲይዟት። ከዚያ ሽማግሌው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ እያወራ ቀስ ብሎ ይጠጋታል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ድራማችንም ራሱ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ግን እትዬ ዘይነባ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌው አዳራሽ ሲገቡ፣ ሴቶቹ «እዚህ፣ እዚህ፣ ከፊት ይሁኑ» ብለው መሀላቸው ሲያስቀምጧቸው፣ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሩ ቦታ አገኙ አልሁ።

የአቡጀዴው መጋረጃ ተከፈተ። ወጣሁ። አውቶቡስ ጠበቅሁ። መዳፌን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ፣ እጄን አየር ላይ አቆየሁ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ ዘይነባን አየኋቸው፤ እሳቸውም መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ አድርገዋል። በሁለት ደረጃ ተቀመጥሁ። ሽማግሌ የሚሆኑት ልጆች ገቡ፤ ስለ ማሽላው ጠየቁኝ፣ ስለ ላሟ ጠየቁኝ። ከዚያ አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ፣ «አይዞሽ፣ ልጅሽ ያገር ልጅ ነበረ» አለ።

«ነበረ» ሲል እትዬ ዘይነባ ተነሡ።

«ሰይዶ! ወይኔ ሰይዶ! ወይኔ ልጄን!»

ያን ጩኸት መግለጽ አልችልም፤ መሥራት ግን እችላለሁ። ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች ያዟቸው። እነሱም ጮኹ። ከኋላ ያሉት ሰዎች ከፊት ያሉት ሲያለቅሱ አይተው አለቀሱ። ዳኞቹ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በደስታ ይተያያሉ። እኔ ማቆም ነበረብኝ። ሻሹን አውልቄ «እትዬ፣ እኔ ካሳው ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። አዳራሹ በሙሉ በእጄ ነበር፤ ጉልበቴ ጸንቶ ቆሟል፤ በሕይወቴ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ደረቴን መታሁና ከእሳቸው ጩኸት በላይ ጮኽሁ።

መጋረጃው ሲዘጋ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እትዬ ዘይነባን ደግፈው ሄደዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በራቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ነገሩ ያበቃው እዚያ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ መርዶውን ሌላው ሰው በትክክል ሰምቶ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ። ማን አመጣው ብሎ ለቅሶ ቤት መጠየቅ ነውር ነው። መንደሩ በየቤቱ ንፍሮ ቀቅሎ ላከ።

በማግስቱ ጠዋት ሼህ ሙሄ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ መጡ። መንደሩ ውስጥ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ወሬ ማን ሰጠህ?»

«ማንም፣ ሼህ። ድራማ ነው።»

«ድራማ መሆኑንማ እኔ አውቃለሁ። ሂድና ይህንኑ ንገራት።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?»

«እኔ ብነግራት ሽማግሌ ነው፣ ሊያስታግሰኝ ነው ትላለች። አንተ ነህ ያረዳሃት፤ አንተው መልሰው።»

ሄድሁ። በልቤ ንግግሬን አጠናሁ፤ እንደ መድረክ ሰው ትንፋሼን ሰበሰብሁ፣ ክብደቴን በእግሬ ጠርዝ ላይ ጣልሁ። እትዬ ዘይነባ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ሉባባ ከጎናቸው ኩርምት ብላለች። በሳህን ያለው ንፍሮ አልተነካም። ሴቶቹ ቦታ ሲለቁልኝ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ የጉልበቴ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ሻሽ የለም፣ የሌላ ሰው ሰውነት የለም፤ ካሳው ብቻ ነበር የቆመው።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ።

«እትዬ፣ የትናንቱ ድራማ ነው። ስለ ሰይድ የሰማሁት የለም። ማንም የሰማ የለም።»

ፊቴን አላዩም። እግሬን ነው ያዩት፤ ረጅም ጊዜ።

«ትናንት ያን ሁሉ ስትነግረኝ ጸንተህ ቆመህ ነበር» አሉ። «ዛሬ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ሁልጊዜም ያንቀጠቅጠኛል፣ እትዬ...»

«ይሁን። ልጅ ነህ፣ ከበደህ። ማን ላከህ?»

«ሼህ ሙሄ።»

«አወቅሁ። አላህ ይስጣቸው፣ ቀስ እያልሁ እንድለምደው ብለው ነው።» ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አሳዩኝ። «ያች እጅ የኔ እጅ ናት፣ ካሳው። የምትነግረው ለኔ መሆኑን እንዳውቅ ብለህ ነው ያደረግሃት። ገብቶኛል። እኔ እንደሆንሁ በምን አውቅ ነበር?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። «እጅዎን የሰረቅሁት መድረክ ላይ እንዲያምርልኝ ነው» ማለት። ያን ብል ያምኑኝ ነበር። ነገር ግን ሦስት የቡድናችን ልጆች ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ ለእነሱ ደግሞ ሴትዮዋ ከራሴ የወጣች ናት። አላልሁትም። እትዬ ዘይነባ ከሳህኑ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝና፣ «ብላ፣ ደክሞሃል» አሉኝ። በላሁ።

ሼህ ሙሄን «ነገርኋቸው፤ አላመኑኝም» አልኋቸው። እሳቸውም በተራቸው ሄደው ነገሯቸው፤ ያሉት አልቀረም፣ እትዬ ዘይነባ አመስግነው ሸኟቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወልድያ ላይ ተወዳደርን። መርሳ ላይ ያልነበረ ነገር ጨመርሁበት፤ የእትዬ ዘይነባን ጩኸት። አንደኛ ወጣን። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ጥቁር የለበሱ እናት መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሌላ ውሸት ይሆናል።

መርሳ ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብርቱካን የሚሸጥ ሌላ ሰው ነበር። እትዬ ዘይነባ ወደ ገበያው ውስጥ ገብተዋል፤ አውቶቡስ ከማይታይበት። የሰይድን ልብስ ለድሆች ሰደቃ ሰጡ። ታጭታለት የነበረችውን ልጅ ቤተሰቦች ጠርተው «ልጃችሁን ዳሩ» አሏቸው፤ ተዳረች። ጎረቤቱ «ዐረፉ» ይል ነበር፤ እውነትም ፊታቸው ዐርፎ ነበር። እኔም ብዙ ዘመን በዚህ ተጽናናሁ። እንዲያውም አንዳንዴ ውለታ የዋልሁ ይመስለኝ ነበር። ሰይድ አልመጣም፤ መሞቱን የሚናገር ወረቀትም አልመጣም። እናቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ሞቱ።

እንግዲህ ያን ለት ፊልሙን ሠርቼ ወልድያ መናኸሪያ የመርሳ መኪና ስጠብቅ ሉባባን አገኘኋት። ስልሳ ሆኗታል፤ ወልድያ ጨርቅ ትነግዳለች። በየበዓሉ ስትደውልልኝ «እናቴን መንገድ ከማየት ያሳረፏት እርስዎ ነዎት» ትለኛለች፤ እኔም «ምን አደረግሁና» እላለሁ፣ ምርቃቱን እቀበላለሁ። የመጨረሻ ልጇ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜኑ ጦርነት ወጥቶ ቀርቷል። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

«ጋሼ ካሳው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ፣ እህቴ።»

«ሰው ሁሉ ዝም ሲል ለእናቴ እርስዎ ነገሯት። የኔንም ልጅ ነገር የሰሙት ካለ አይደብቁኝ። እንደሷ ይንገሩኝ። እችለዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለኝም። ሁሉንም ነገርኋት። የእናቷን እጅ ለድራማ እንደሰረቅሁ፣ ስለ ሰይድ አንዳች ነገር ሰምቼ እንደማላውቅ፣ የዚያን ዕለት በሳህኑ ፊት ምን ብዬ ማስረዳት እንደነበረብኝ፣ ለምን እንዳላስረዳሁ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አልሰደበችኝም።

«ታዲያ ሰይዶን... ሲሞት ያየው ሰው የለም?»

«የለም።»

«የቀበረው?»

«የለም።»

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሰባ ሆነው ማለት ነው።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ከልጅነቷ ወዲህ ያላየሁት ነገር ነበር። «ሰባ ምን አላት፣ ጋሼ ካሳው? እርስዎ ይኸው አሉ አይደል?»

በብዙ ነገር ስኮራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ዘግይቼም ቢሆን እውነቱን በመናገሬም ልኮራ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ባለፈው ሳምንት ከወልድያ የመጣ ሰው እንደነገረኝ ሉባባ ከሰሜን የመጣ ሰው ባየች ቁጥር አስቁማ ትጠይቃለች። ድሮ የምትጠይቀው አንድ ስም ነበር፤ አሁን ሁለት ነው አለኝ። ሁለተኛውን ስም የሰጠኋት እኔ ነኝ።